«ጠጋ በይ» ያለው ልጅ

ለምወድሽ እህቴ ለያለምወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ከአንቺ ጀምሬ እስከ ደጃፍሽ ድረስ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? የአሰብ ፀሐይ ትንሽ በረድ አለላችሁ ወይስ ውኃው አሁንም ከቧንቧው ፈልቶ ነው የሚወርደው? የነጋሳ ወገብ እንዴት ሆነ? የእርዳታ እህሉ መርከብ ሲበዛበት ሌሊትም ያራግፋል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና ሐሳብ ገብቶኛል። የዳባ ዓይን ዳነለት? ውቢትስ አሸዋ መብላቱን ተወች? መንበረ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከአሁኑ እየፈራች ነው ያልሽኝን አንብቤ ለብቻዬ ሳቅሁ። አንቺም እንደዚያው ነበርሽ፣ ፈተናው ገና ከሩቅ ሳለ ነበር ሆድሽን የሚቆርጥሽ።

እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚጮህብኝ በቀር ደህና ነኝ። እሱንም አልጠላሁትም፤ ከእኔ ቀድሞ መምጣቴን ለተማሪዎቹ ስለሚነግርልኝ፣ ስደርስ ሁሉም ጨዋ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ደብዳቤሽ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ደረሰኝ። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ሁለት ነገር ነበር የጠየቅሽኝ። አንደኛው ቡና ነው። አልላክሁም። ወደ አሰብ የሚወርድ ሹፌር ለምኜ ነበር፤ እሱ ግን «እትዬ፣ ኬላው ላይ የሴት ቀሚስ ሳይቀር ነው የሚራገፈው፤ ለአንድ ኪሎ ቡና ብለሽ አታስይዢኝ» አለኝ። ቡና በየደጁ ተሰጥቶ እየደረቀ፣ እኔ እየረገጥኩት እየሄድኩ፣ እህቴ አሰብ ላይ ገብስ ቆልታ ትጠጣ! ምን ይደረግ።

ሁለተኛው የመንበረ ነገር ነው። «ስምንተኛን ስትጨርስ ወደ አንቺ ልላካት ወይ? ከአንቺ ጋር ሆና ትማር። ግን አደራ፣ ዓይንሽን እንዳትነቅይባት» ብለሽ ጽፈሻል። ይህችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ሌላ ሰው ቢጽፋት ማንም እናት የምትለው ነው ብዬ አልፋት ነበር። አንቺ ለእኔ ስትጽፊያት ግን እንዴት ልለፋት? የእኔ ዓይን አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገብሽ ሁለታችንም እናውቃለን። አሰንዳቦ ሳለን፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ከአንድ ተማሪ ጋር ቆመሽ አየሁሽና ለአባታችን ነገርኩት። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ቀረሽ፣ ከዚያም ተዳርሽ። አንቺ አንድም ቀን አንስተሽው አታውቂም። እኔም አላነሳሁትም።

ስለዚህ «እሺ፣ ላኪያት» ብዬ ብቻ ከምመልስልሽ፣ በዚህ ሰሞን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የሆነውን መጀመሪያ ልንገርሽ። ልጅሽን የምትልኪው ለምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚያ በኋላ አንቺው ትፈርጃለሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አብተው ካረፈ በኋላ፣ የአናጢያችን ሚስት ናት ብለው በጽዳት ቀጠሩኝ። የመጻሕፍቱ ኃላፊ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሄዶ በዚያው ሲቀር ደግሞ መጽሐፍ መስጠቱና መቀበሉ በእኔ ላይ ተጣለ። ማንበብ የማውቀው በአንቺ ምክንያት መሆኑን ማንም አያውቅም። አንቺ ኩራዝ ሥር ስታጠኚ እኔ ፊት ለፊትሽ ጥጥ እየፈተልኩ አይ ነበርና ፊደልን የለየሁት በግልባጩ ነው። አንቺ ስትቀሪ የእኔም ትምህርት ቆመ፤ የቀረውን ከስኳርና ከጨው መጠቅለያ ወረቀት ለቃቀምኩት። እስከ ዛሬ ድረስ የተገለበጠ ጽሑፍ ከቀናው ይልቅ ይፈጥንልኛል። ተማሪዎቹ ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆመው «የሒሳብ መጽሐፍ ነው እትዬ» ሲሉኝ፣ የፍቅር ታሪክ መሆኑን ከወዲህ ሆኜ አንብቤ ዝም እላለሁ።

ክፍላችን ረጅም ነው፣ ሦስት ትላልቅ ጠረጴዛዎች አሉት። ድሮ ለእያንዳንዱ ሰው ወንበር ነበረው። መስከረም ላይ ወንበሮቹ ለበዓሉ ስብሰባ ወደ አዳራሽ ተወሰዱ፤ ስብሰባው እስካሁን አላለቀ እንደሆነ እንጃ፣ አልተመለሱም። በምትካቸው አብተው ለሰልፍ ሜዳው ሠርቷቸው የነበሩትን አግዳሚዎች ከመጋዘን አወጡልን። ነፍሱን ይማረውና አራት ሰው እንዲይዙ ብሎ ነው የሠራቸው። አሁን ስድስትም ሰባትም ይቀመጥባቸዋል።

ወንበር ሲኖር ጣጣ የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ላይ ነው። አግዳሚ ላይ ግን አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም ይነቃነቃል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ደግሞ፣ ያለሜ፣ ሰውነታቸው ገና አዲስ ልብስ ሆኖባቸው የት እንደሚያስቀምጡት አያውቁም። ስለዚህ ራሳቸው ደንብ አወጡ። ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል ይቀመጣሉ። መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው መጻሕፍት ስላሉ እዚያ ወንድና ሴት መቀላቀሉ የግድ ነው። እዚያም ቢሆን በወንዱና በሴቷ መካከል አንድ ደብተር በቁሙ ይተከላል። ስሙን «ኬላ» ብለውታል። የወንዱ ክርን ደብተሩን ካለፈ «ቁም! ምን ጭነሃል? ቡና አለህ?» ይባላል፣ ልጁም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይፈተሻል። እርሳስ እጅ ለእጅ አይቀባበሉም። እሱ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እጁን ይሰበስባል፤ ከዚያ እሷ ታነሳለች። ጫማዋ የተቀደደባት ልጅ ቀድማ መጥታ ግድግዳው ጥግ እንድትቀመጥ ሁሉም አውቆ ቦታውን ይተውላታል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ሳያቸው አንዳንዴ እንባዬ ይመጣል።

የተማሪዎች ተቆጣጣሪው ጓድ ወልደሰማያት ግን ይህ አይታየውም። «ወንድና ሴት በአንድ አግዳሚ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ሊለጥፍ ፈልጎ ነበር። «ጓድ፣ የሴቶች እኩልነት ጉዳይ እንዳይነሳብን» ብለው አስተዉት። እሱም ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ምክንያት ይጠብቅ ነበር።

ምክንያቱ ኅዳር ሲያልቅ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጆቹ ከቡና ለቀማ ዘመቻ ተመልሰው የመንፈቅ ፈተና ስለደረሰባቸው ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ፈየራ የሚባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለ። ከደዶ ገጠር ነው የመጣው፣ ረጅም፣ ጉልበቱ ጠረጴዛ ሥር አልገባ የሚለው። አማርኛ ሲናገር መጀመሪያ በልቡ ሰልፍ አሰልፎ ነው የሚያወጣው። በመካከለኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ግማሽ ጎኑን አሳርፎ ነበር። ከእሱ ቀጥላ አይሻ ናት፤ ሄርማታ ሳሙናና ጨው የሚሸጠው የመሐሙድ ልጅ። ዝምተኛና ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፍላቸው ውስጥ ያለው ሁሉ ከእሷ ደብተር ነው የሚገለብጠው። የሥነ ሕይወት መጽሐፉን መካከል አድርገው፣ ኬላቸውን ተክለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያጠናሉ።

አበራሽ የምትባል ተማሪና ጓደኞቿ እየተሳሳቁ ገቡና በዚያኛው ጫፍ ተጭነው ተቀመጡ። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተንሸራተተ። ኬላው ወደቀ። የአይሻ ትከሻ የፈየራን ክንድ ነካ። ልጁ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለበት። ከእሱ ወዲያ ያለው ወለሉ ብቻ ነው፣ የሚሸሽበት የለውም። ቃሉን በልቡ ሲያሰልፍ አየሁት። ከዚያ «ጠጋ በይ» አላት።

ሜዳ ላይ የሚጣራ ያህል ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ዝግ አድርጎ መናገር አያውቅበትም። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ያ ሸኩር የሚባል ቀልደኛ ከበሩ በኩል ተነሣና «ኧረ ኬላ ጠባቂ! ቡና እያለፈ ነው!» አለ። ሌላው «ከዚህም በላይ ትጠጋ? አሁንስ ጉያህ ገብታለች!» አለ። «ደዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚጠናው?» አለ ደግሞ አንዱ። ፈየራ ተነሥቶ፣ «የለም» ለማለት በኦሮምኛው «ላኪ! ላኪ! እንደሱ አይደለም!» ቢል ሳቁ ባሰ። አይሻ ሹራቧን አግዳሚው ላይ ትታ እያለቀሰች ወጣች።

እኔ ምን አደረግሁ? ጠረጴዛዬን በእርሳስ መታሁ። ዝም አሉ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

በማግሥቱ የሄርማታ ገበያ ነው። ወሬው ጨው ሊገዛ ከመጣ ሰው ጋር መሐሙድ ሱቅ ገባ። ሲነሣ «ጠጋ በይ አላት» የነበረው ሲደርስ «አቀፋት» ሆኗል። መሐሙድ «ለመጽሐፍ ላክኋት እንጂ ለትከሻ አልላክኋትም» ብሎ አይሻን ከትምህርት ቤት አስቀራት። አጋሮ ወዳለች አክስቷ ሊልካት ነው፣ እዚያም ለጋብቻ የሚጠይቃት ሰው አለ ተባለ። ሰኞ ቦታዋ ባዶ ሆነ። ማክሰኞም አልመጣችም። ፈየራን ደግሞ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሊያባርረው ቀጠረ። ከትምህርት ቤት የወጣ ጎረምሳ ዛሬ ወዴት እንደሚሄድ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ወደቡ ላይ መለዮ ለብሰው ሲያልፉ ታዪያቸዋለሽ።

ጓድ ወልደሰማያት ወደ እኔ መጥቶ «እትዬ ብርሃንነሽ፣ እርስዎ ቅርብ ነበሩ። ምን አዩ?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት።

ዋሸሁ፣ ያለሜ። ፈርቼው አይደለም። ከአሰንዳቦ ወዲህ «አየሁ» የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ከራሴ ጋር የተማማልኩት ነገር ነበር። ሰው ሲጣላ አላየሁም፣ ዕቃ ሲጠፋ አላየሁም። ዝም ካልኩ ማንንም አልጎዳም ብዬ ነበር።

ማታ ልዘጋ ስል የአይሻን ሹራብ አጣጠፍኩና ልጁ ተቀምጦበት በነበረው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ግማሼ አየር ላይ ሆነ። እግሬን ወለሉ ላይ ባልተክል እወድቅ ነበር። በነጋታው ፈየራ መጽሐፉን ሊመልስ መጣና ከበሩ አልፎ አልገባም፤ እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ሰጠኝ። በኦሮምኛ «ቤታችሁ ቢሆን ምን ትላት ነበር?» አልኩት። «አቺ ሲቂ» አለኝ፣ በእጁም ወደ መስኮቱ ገፋ አደረገ። ወዲያ ሂጂልኝ ማለቱ ነው። እነሱ ወዲያም ከሆነ «አቺ»፣ ወዲህም ከሆነ «አስ» ጨምረው ነው የሚሉት። የእኛ አማርኛ ግን «ጠጋ በይ» ብሎ ዝም ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ሲሉሽ ትሸሻለሽ፤ እሳት ዳር ሲሉሽ ትቀርቢያለሽ። ልጁ የለመነው ሽሽቱን ነበር፣ የሰማነው ቅርበቱን። የሚባረረውም ርቀት በመለመኑ ነው።

ሹራቡን በነጠላዬ ሥር ይዤ ሄርማታ ወረድኩ። ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር፤ ሹራቡን መልሼ እወጣለሁ ነው ያልኩት። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። የአይሻ እናት በክብር ተቀበለችኝና መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ላይ አስቀመጠችኝ። እኔም እንደ ልማዴ በሩ ጋ ጠርዙ ላይ ቁጭ አልኩ። ቅርንፉድ የገባበት ሻይ በትሪ ይዛ መጣችና «ጠጋ በይ» አለችኝ። ለትሪው ቦታ የፈለገች መስሎኝ ወደ በሩ ተንፏቀቅኩ። «ኧረ ጠጋ በይ!» አለች። ደግሞ ተንፏቀቅኩ። «ወዴት ነው የምትሄጂው ሴትዮ? ወደዚህ ነው ያልኩሽ! ጫማው ላይ ልትቀመጪ ነው እንዴ?» አለችና ሳቀች። ዘወር ብል እውነትም ከፍራሹ ወርጄ የመሐሙድን ጫማ ታቅፌያለሁ። እኔም ሳቅሁ። ከመጋረጃው ጀርባም የሴት ልጅ ሳቅ ተሰማ። እናትየዋ መጋረጃውን አየችና «አልሐምዱሊላህ፣ ሳቀች» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ የራሷ ሳቅ መሐል ላይ ቆመ። ትሪውን እንደያዘች አየችኝ። «ልጁም… እንዲህ ነው እንዴ ያላት?» አለችኝ።

«አዎ። ጫፍ ላይ ነበር፣ ሊወድቅ። ሂጂልኝ ነው ያላት። አይቻለሁ» አልኩ።

አይቻለሁ አልኩ፣ ያለሜ። ስንት ዘመኔ ነው።

አይሻ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «እኔኮ ያኔውኑ ገብቶኛል፣ ወላሂ። ልሸሽለት ስል ነው የሳቁት። ያለቀስኩት በእሱ አይደለም፣ በእነሱ ሳቅ ነው» አለች። እናቷ «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አትናገሪም ነበር?» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቱ «ማን ጠየቀኝ?» አለች።

እናቷ ትሪውን አስቀምጣ ሻዩን አቀበለችኝ።  ሻዩ እጄ ላይ በረደ።

መሐሙድ ከሱቁ በኩል በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል፣ እጁ ላይ ጨው አለ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትልቅነቱም በቁመት ብቻ አይደለም። «እርስዎ በሃይማኖትዎ ይንገሩኝ፣ ልጁ እጁን አላነሳባትም?» አለኝ። እንዳላነሳ በማርያም ስም ነገርኩት። «እኔን ያቃጠለኝ ልጁ አልነበረም፤ ጨው የሚገዛው ሁሉ እየሳቀ ነው የገዛኝ» አለ። ወደ አይሻ ዞሮም «አንቺስ፣ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አላት። «እፈልጋለሁ አባ» አለችው። «ኢንሻአላህ እናያለን» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ቁርጥ ያለ ነገር ስላልሰጠን እናቲቱም እኔም ስንጨነቅ አመሸን።

በነጋታው ጠዋት ግን አይሻን አስከትሎ መጣ። ኮሚቴው ፊት ቆሞ «እኔ ክስ የለኝም፤ ልጄ ክስ የላትም» አለ። ቀጥሎም አግዳሚውን አሳዩኝ አለ። ቢቀመጥበት የአብተው እንጨት ከሥሩ ጮኸ። «ይህ ለፍየልም አይበቃ!» አለና ተነሥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጋሪ ሙሉ ባዶ የሳሙና ሳጥን ላከልን። የእንጨት ናቸው፣ ሲደፉ ልክ እንደ በርጩማ ይሆናሉ። አሁን መካከለኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም በየራሱ ሳጥን ላይ ነው የሚቀመጠው። ክፍሉ የልብስ ሳሙና ይሸታል። አንዳንዱ ልጅ ሲነሣ ሱሪው ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ይሄዳል።

ኮሚቴውም ባዶ እጁን እንዳይበተን ይመስለኛል፣ ፈየራን «በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮኾ በመናገር» አስጠንቅቆ ለቀቀው። ልጁ እስካሁን ሲናገር እንደ ሌባ ነው የሚያንሾካሽከው። ሸኩር በማንም ሳይታዘዝ አይሻ ያመለጧትን ትምህርቶች በራሱ እጅ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ስለሆነ እንደገና ከሌላ ደብተር ሳትገለብጥ አልቀረችም፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አላለችውም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሁን «ጠጋ በል» የተባለ ሁሉ «ወዴት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አስተማሪዎቹም ሳይቀሩ።

አይሻና ፈየራ ከዚያ በኋላ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን የእሱ እርሳስ ተንከባልላ ወደ እሷ ሳጥን ሄደች። ጎንበስ ብላ አነሣቻት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት፣ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ እሱ ወሰዳት። እንደ ደንባቸው። እኔም መጽሐፌን ማንበብ ቀጠልኩ።

ወደ መንበረ ልመለስ። ዓይንሽን እንዳትነቅይባት ብለሽኛል። ዓይኔስ ሥራው ማየት ነው፣ አላየሁም እያልኩም አልዋሽሽም። ነገር ግን ያየሁትን ለአንቺም ሆነ ለማንም ከመናገሬ በፊት እሷን እጠይቃለሁ። ልጅሽን እንደዚህ አድርጌ ነው የምይዛት። ይህ የማይስማማሽ ከሆነ አትላኪያት፣ አልቀየምሽም።

ያን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ልጁ ጃንጥላ ይዞ ነበር፣ ጃንጥላውም አንድ ብቻ ነበር። እኔ ለአባታችን «ተጠግታው ቆማ አየኋት» ስለው ዝናቡን አልነገርኩትም። አንቺንም አልጠየቅሁሽም። እንግዲህ ፀጉራችን ሸብቶ ነው የምጠይቅሽ፣ ምን ነበር እህቴ? መመለስ ካልፈለግሽ አትመልሺ። መንበረን ላኪም አትላኪም ከዚህ ጋር አላያይዘውም። አሁንም ቢሆን አንቺና እኔ ብቻችንን አንወስን። መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። መምጣት ትፈልግ እንደሆነ በራሷ እጅ ትጻፍልኝ።

ነጋሳን ወገቡን በሞቀ ጨው እንዲተኮስ ንገሪውና ሳሚልኝ። ዳባን ዓይኑን እንዳያሽ እጁን ያዢው፣ ግንባሩን ሁለቴ ሳሚልኝ። ለውቢት አክስቷ ከአሸዋ የሚጣፍጥ ነገር እንደምትልክላት ንገሪያት፤ ኬላው ስኳር አይከለክልም። ወደብ ላይ ለሚያልፉት ልጆችም፣ ስማቸውን ባላውቀውም፣ ውኃ ስትሰጫቸው ከእኔም ነው በያቸው።

ለመንበረ ግን ይህን ለብቻዋ አንብቢላት። የመሐሙድን አንድ ሳጥን ለምኜ ቤቴ አስገብቻለሁ። መብራቱ አንድ ስለሆነ ማታ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ነው የምንቀመጠው። የት እንደምትቀመጥ እሷው ትምረጥ፤ ሳጥኑ የትም ይሄዳል። ፊት ለፊቴ ከተቀመጠች ደብተሯን በግልባጩ ማንበብ እንደምችል ግን ከአሁኑ ትወቀው። ስትፈልግ እንድትሸፍነው ነው።

እህትሽ ብርሃንነሽ

ጅማ፣ ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.